መጨረሱን የማያውቅ ስሌት፦ እጅግ ቀላል መሣሪያዎች በጋራ ሲያሰሉ

እ.ኤ.አ. በ2004 ዳና አንግሉዊን፣ ጄምስ አስፕነስ፣ ዞዪ ዲያማዲ፣ ማይክል ፊሸርና ሬኔ ፔራልታ ባቀረቡት ጥናት አንድ ጥያቄ አነሡ። በእያንዳንዱ ወፍ ላይ ጥቃቅን ሴንሰር ቢታሰር፣ ከመንጋው ቢያንስ አምስቱ ትኩሳት እንዳለባቸው ሴንሰሮቹ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉን? ሴንሰሮቹ መለያ ቁጥር የላቸውም፤ የሚያስታውሱት እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚነጋገሩትም ወፎቹ ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ማን ከማን እንደሚገናኝ አይወስኑም።

ለዚህ ከ0 እስከ 5 ያሉ ስድስት ሁኔታዎች ይበቃሉ። ትኩሳት ያለበት ወፍ ሴንሰር ከ1፣ የጤነኛው ከ0 ይነሣል። ሁለት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቁጥር ጠቅልሎ ይወስዳል፤ 2 የያዘው 1 ከያዘው ጋር ቢገናኝ አንዱ 3፣ ሌላው 0 ይሆናል። ድምሩ 5 ከሞላ ወይም ካለፈ ግን ሁለቱም 5 ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ያገኙትን ሁሉ ወደ 5 ስለሚለውጡ ወሬው መንጋውን ያዳርሳል።

የታመሙት አራት ብቻ ቢሆኑስ? መገናኘቱ እስካልተቋረጠና ማንም ለዘለቄታው እስካልተገለለ ድረስ፣ ውሎ አድሮ 4 በአንድ ሴንሰር ላይ ይጠቃለላል፤ ሌሎቹ 0 ይሆናሉ። «አምስት አልሞሉም» የሚለው መልስ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ 4 የያዘው ሴንሰር፣ ገና ያላገኘው 1 የያዘ ሌላ ይኑር አይኑር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ማስታወሻቸው ማነስ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ የሚከብደው ይህ ነው፦ ስሌቱ ከትክክለኛው መልስ ይደርሳል፣ መድረሱን ግን አንዳቸውም አያውቁም።

የአቅማቸው ወሰንም በትክክል ተለይቷል። አንግሉዊን፣ አስፕነስና ዴቪድ አይዘንስታት በ2006 እንዳረጋገጡት፣ መሣሪያዎቹ ሊወስኑ የሚችሉት በፕሬስበርገር ሒሳብ የሚገለጸውን ብቻ ነው። ብዛትን ይደምራሉ፣ ያነጻጽራሉ፣ ለተወሰነ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈውን ይለያሉ። የአንዱ ቡድን ብዛት የሌሎች ሁለት ቡድኖች ብዛት እርስ በርስ ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆኑን ግን፣ የሚገናኙበት ሕግ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ሊወስኑ አይችሉም።

ከሁለት ጎራ የትኛው እንደሚበልጥ ለመለየት ደግሞ ሦስት ሁኔታዎች ያሉት ፈጣን ፕሮቶኮል አለ፤ ተቃራኒውን ያገኘ ወላዋይ ይሆናል፣ ወላዋዩም ቀድሞ ያገኘውን ጎራ ይከተላል። ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን ግን ሊሳሳት ይችላል። ሉካ ካርዴሊና አቲላ ቺካስ ናጂ በ2012 እንዳሳዩት፣ የሕዋስን የመከፋፈል ዑደት የሚቆጣጠረው ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ይህንኑ ስሌት ነው።

እንዲህ ያለ መረብ የሚነድፍ ባለሙያ ሴንሰሮቹን ርካሽ ከማድረጉ በፊት፣ መልሱን ከውጭ ማን እንደሚያነብና እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ሊወስን ይገባል።