የለጋሾች ገንዘብና የሕዝብ ጤና፦ የሮክፌለር የሁክዎርም ዘመቻ

በጎ አድራጊ ድርጅቶች ለማኅበረሰብ ጤና ገንዘብ ሲሰጡ ብዙዎቻችን የሚታየን መድኃኒቱና የክሊኒኩ ሕንፃ ነው። ለጋሹ የመንግሥትን አሠራር እንዴት እንደሚለውጥ ግን ብዙም አይነገርም። ለዚህ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ከ100 ዓመት በፊት የተካሄደው የሁክዎርም ዘመቻ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሁክዎርም (የመንጠቆ ትል) አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር አፈር ላይ ይወድቃል፤ የሚፈለፈለውም እጭ በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የታመመው ሰው ደሙ ያንሳል፣ ጉልበቱም ይዝላል። ተመራማሪው ቻርልስ ስታይልስ እ.ኤ.አ. በ1902 በሽታው በደቡብ በስፋት መኖሩን ሲገልጽ ጋዜጦች «የስንፍና ጀርም» እያሉ ቀለዱበት። ሰነፍ እየተባለ ሲሰደብ የኖረው ድሃ ግን በሽተኛ ነበር።

የባለጸጋው የጆን ሮክፌለር አማካሪ ፍሬድሪክ ጌትስ ቀድሞ በሚኒያፖሊስ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 አንድ የሕክምና መጽሐፍ አንብቦ ሐኪሞች ሊፈውሷቸው የሚችሉት በሽታዎች ጥቂት መሆናቸው አስደነገጠው። ከዚያ በኋላ ሮክፌለርን ወደ ጤና ሥራ መራው። እ.ኤ.አ. በ1909 ሮክፌለር ሁክዎርምን ለማጥፋት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠና ኮሚሽን ተቋቋመ።

የኮሚሽኑ ዋና ጸሐፊ ዊክሊፍ ሮዝ ሐኪም ሳይሆን የፍልስፍና መምህር ነበር። በ11 ግዛቶች ሥራውን የሚመራው ሰው የግዛቱ የጤና ቦርድ ሹም እንዲሆን አደረገ፤ ደመወዙን ግን ኮሚሽኑ ከፈለ። ጊዜያዊ የሕክምና ጣቢያ የሚፈልግ ካውንቲ (እንደ እኛ ወረዳ ማለት ነው) ከራሱ ግምጃ ቤት መጠነኛ ገንዘብ እንዲያዋጣ ተጠየቀ። በእኔ አስተያየት ከሚሊዮኑ ዶላር ይልቅ ብዙ የሠራው ይህ ጥቂት መዋጮ ነው፤ ለሕዝብ ጤና መክፈል የካውንቲው ግዴታ መሆኑን አስለምዷልና።

በሕክምናው ቀን ቤተሰቦች ስንቃቸውን ይዘው በጋሪ ይመጡ፣ ትሉን በማይክሮስኮፕ ያዩ ነበር። መዝሙር ይዘመራል፤ የዳኑትም ይመሰክራሉ። የእኛን ኮንፈረንስ ሳይመስል አይቀርም! ታይሞል የሚባለው መድኃኒትና የሚያስቀምጥ ጨው ይታደላል፤ ስለ ሽንት ቤት ቁፋሮም ትምህርት ይሰጣል። ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ታክመዋል።

ተቃውሞም ነበረ። የአትላንታው የሜቶዲስት ጳጳስ ዋረን ካንድለር ዘመቻውን ነቀፉ። ሮክፌለር ጫማ ሊሸጥልን ነው የሚል ወሬም ተናፈሰ። ወሬው ከንቱ ቢሆንም ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል እ.ኤ.አ. በ1911 ገበያውን ጠቅልሎ በመያዙ በፍርድ ቤት እንዲከፋፈል ተወስኖበታል። ለሕዝብ ያልተመረጠ ባለጸጋ የትኛው በሽታ ይቅደም ብሎ መወሰኑ ዛሬም የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1914 መጨረሻ ሲዘጋ ትሉ አልጠፋም። ሽንት ቤት የሌላቸው ቤቶች ብዙ ስለነበሩ የታከሙት እንደገና ይያዙ ነበር። የግዛቶቹ የጤና ቦርዶች ግን ከቀድሞው ይልቅ ተጠናክረው ቀሩ። ከዚያም በኋላ የሮክፌለር ፋውንዴሽን የካውንቲ ጤና ቢሮዎችን በከፊል እየደገፈ፣ የራሱን ድርሻ በየጊዜው እየቀነሰ የካውንቲውን ከፍ ያደርግ ነበር።

ሁክዎርም በሀገራችንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚህ አሠራር ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። የውጭ ለጋሾች ሥልጠናውንና ቁሳቁሱን ሲያግዙ፣ ከ30 ሺህ የሚበልጡትን እኅቶች ቀጥሮ ደመወዝ የከፈለው መንግሥት ነው። እነዚህ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ የሽንት ቤት አቆፋፈር ነው።