የጅግጅጋ ጉድጓዶች ምን ያውቃሉ?

ጅግጅጋ ሲባል ለብዙዎቻችን የአዲስ አበባ ልጆች ቶሎ የሚታወሰን ካራማራ ነው። ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ግን ቦታው የጦር ሰፈር እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? እውነቱን ለመናገር እኛም የሰማነው ዘግይተን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውኃ ነው። ቦታው ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበር። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ጦሩ ወደ ምሥራቅ ዘልቆ እዚህ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1893 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ መኮንን ስዌይን ያየው በጉድጓዶቹ አጠገብ በእንጨት የታጠረ ምሽግና 25 ወታደሮችን ነው።

ለምን እዚያው? በዚያ ዘመን ጦር የሚንቀሳቀሰው በፈረስና በበቅሎ ነበር። ግመል ውኃ ሳይቀምስ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ፈረስ ግን በየቀኑ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ፈረሰኛ ከጉድጓድ ብዙ አይርቅም። ችግሩ ያው ጉድጓድ ለሶማሌው አርብቶ አደርም ሕይወቱ መሆኑ ላይ ነው። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ተከታዮች የተወሰዱ ከብቶችን ለማስመለስ ሰፈሩን ወረሩት፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

የከተማዋ መቆርቆር በ1909 ዓ.ም. ገደማ ከ«ፋቡላ» ደራሲ ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስም ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ፈረሱ ለታንክ ቦታውን ለቀቀ እንጂ ጦርነቱስ አልለቀቀም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበሩ ናይጄሪያውያን ወታደሮች በዚሁ የማርዳ በር ከጣሊያን ጋር ተዋጉ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን ነፃ ወጣች።

እንግዲህ ምኑን እንጠብቅ? የእንጨት አጥር እንደ ፋሲል ግንብ ዘመን አይሻገርም። ይሁን እንጂ የቅርስ አዋጃችን፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ የሚለው ድንጋይና ግንብን ብቻ አይደለም፤ ግዙፍነት የሌለውንም ይጨምራል። የጉድጓዶቹ ስምና ቦታ፣ የግመል መንገዶቹ፣ ሽማግሌዎች የሚያወሩት ሁሉ ቅርስ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። የምሽጉን ታሪክ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ያየው ወታደር ብቻ ከነገረን ግማሹን ነው የሰማነው። ከአጥሩ ውጭ ግመሉን ይዞ ውኃ የሚጠብቀውም የሚለው አለው፤ እሱ ደግሞ ታሪኩን በሶማሊኛ፣ ባብዛኛው በቃልና በግጥም ነው ያቆየው። እዚያ ያደጋችሁ ጓደኞቻችን፣ አያቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁልን፤ ድምፃቸውን ቅረጹ። ሐውልት ነገም ይቆማል፤ አያት ግን አይጠብቅም።