ሆድ ይፍጀው

ባለፈው ዓመት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቀው ቅርንጫፋችን፣ አንዲት ገንዘብ ከፋይ ባልደረባችን እናቷን ቀብራ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥቁር ሻሿን አስራ ከመስኮቷ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ደንበኛ እያስተናገደች ሳለ ብር የሚቆጥሩት ጣቶቿ ቆሙ፤ እንባዋ በኖቶቹ ላይ ወረደ። እኔ ከጎኗ ነበርሁ። «ሰልፉ ረዝሟል፤ ፊትሽን ታጥበሽ ነይ» አልኋት። በሌሊት ስለ ሰው ልጅ ኀዘን ስንኝ ከሚቋጥር ሰው አፍ በዚያች ቅጽበት የወጣው ቃል ይህ ነበር!

ከመስታወቱ ማዶ የቆሙት እናት ግን ገንዘባቸውን ረስተው «ማን ሞተብሽ ልጄ?» አሏት። «እናቴ» አለች። እርሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አብረዋት አለቀሱ። ከሰልፉ መካከል ያጉረመረመ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። ለኀዘን ወግ ያበጀን ሕዝብ ነን፤ እድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ ሙሾ አውራጅ አለን። ሰልስት ብለን ሦስተኛውን ቀን፣ አርባ ብለን አርባኛውን ቀን እንቆጥራለን። ታዲያ የመሥሪያ ቤቱን ደጃፍ ስንረግጥ ይህ ሁሉ ወግ ወዴት ይሄዳል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የሦስት የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጠዋል። ሕጉ ሰልስቱን አስቦለታል ማለት ይቻላል። ስለ አራተኛው ቀን ግን የሚናገር የለም።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በቀደመው ዘመን የተበደለ ሰው ከንጉሥ ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ ራሱ ማመልከቻ ነበር፤ «አቤቱታ» የምንለው ቃልም ከዚያው ከጩኸቱ ጋር የተዛመደ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ ግን ቢሮ እየተስፋፋ ሄደ፤ አቤቱታም ቀስ በቀስ ወረቀት ሆነ፣ ቁጥርና ማኅተም ተመታበት፣ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ለፍትሕ ይህ ሥርዓት ሳይጠቅም አልቀረም። ድምፁ ግን ከወረቀቱ ጋር አልተፋይለም። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገር ለቢሮ ሰው የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ፣ ጸሐፊውም ባለጉዳዩም የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው መተያየትን ለመዱ።

ከዚያ ደርግ መጣ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቋቋመ፤ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገርም ከሶሻሊስቱ ዓለም ፓርቲዎች ልምድ ተቀድቶ መጣ። አሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነው፦ ሰው በጓዶቹ ፊት ቆሞ የውስጡን ይናገራል፣ ስሕተቱን ያምናል፣ ይታረማል። አባቴ በዚያ ዘመን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። «ግለ ሂስ ከማቅረቤ በፊት ሌሊቱን ሙሉ እለማመድ ነበር» ይለኛል። «ትንሽ ጥፋት መርጬ አምናለሁ፤ ያረፈድሁበትን ቀን፣ የንዑስ ከበርቴ ስሜት ያደረብኝን ቀን። ትልቁን ነገር ግን ለሚስቴም አልተነፈስሁም።» ትልቁ ነገር በቀይ ሽብር የተገደለው የታናሽ ወንድሙ ጉዳይ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ስንት ወላጆች እንዳያለቅሱ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ ተከልክለዋል። አባቴም በማግሥቱ ቢሮ ገብቶ ደብዳቤ ቁጥር ሰጠ። እንባ ፀረ አብዮት ሆኖ ሳለ የልብን ተናገር መባል ምን ዓይነት ነገር ነው?

የልቡን በሥራ ስፍራው የተናገረ ሰውስ ምን ገጠመው? በዓሉ ግርማን እናስታውስ። በዓሉ ደራሲ ብቻ አልነበረም፤ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ፣ የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ በማድረስ ሥራ ላይ የዋለ የቢሮ ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ዘመተ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታተመ። ርዕሱ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ፣ «አበቃ፣ አለቀለት» የሚል መንፈስ ያለው ቃል ነው። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም በቀን ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ይሠራል፤ ውስጡ ግን ይጠራጠራል፣ ይፈራል፣ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። የመጽሐፉ ወንጀል ይህ ይመስለኛል፦ ከመግለጫው ጀርባ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዳለ ማሳየቱ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ዛሬም መቃብሩ አይታወቅም። ቤተሰቡ ልቅሶውን የት ይቀመጥ?

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ተለወጠ። ከበረሃው ትግል ይዘውት የመጡት «ግምገማ» ወደ መሥሪያ ቤቶች ገባ። እንደገና ክብ ተሠርቶ ተቀመጥን፤ እንደገና ግልጽ ሁኑ ተባልን። ቃሉ ተቀየረ እንጂ ሌሊት መለማመዱ አልቀረም። ሰው የሚናገረው ነገ ማስረጃ ሆኖ እንደሚቀርብበት ካወቀ፣ የሚናገረው ስሜቱን ሳይሆን መከላከያውን ነው።

ይህ የእኛ ዕጣ ብቻ አይደለም። «ኦሮማይ» በታተመበት ዘመን፣ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ አርሊ ሆክሺልድ የበረራ አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን አጥንታ አንድ መጽሐፍ አወጣች። አስተናጋጆቹ ፈገግታቸውን፣ ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ቁጣቸውን ለደመወዝ ይሸጣሉ፤ ይህም እንደ ጉልበት ሥራ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ዋጋም ያስከፍላል ትላለች፤ የፊቱን ፈገግታ ሲሸጥ የኖረ ሰው ውሎ አድሮ የራሱ የትኛው እንደሆነ ይጠፋበታልና። አንዱ ሰው ለመንግሥት፣ ሌላው ለኩባንያ ፊቱን ያሳምራል፤ ሁለቱም ማታ ቤታቸው ሲገቡ ያ ፊት አልወልቅ ይላቸዋል። እኔም መስታወቴ ፊት ቆሜ ይህን አይቼዋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ የስሜት መግለጫ ቅጽ አልመኝም። ታሪካችን ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ በትእዛዝ የተከፈተ ልብ እንደሌለ ነው። የውይይት ክበብ ያልከፈተውን የአባቴን ልብ የከፈተው አንድ የሥራ ባልደረባው ነበር። ከወራት በኋላ በሻይ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ዓይቶ፣ «ወንድምህን አውቀው ነበር» አለው። ሌላ አልጨመረም። አባቴ ያን ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብቶ አለቀሰ። ሲወጣ ሰውየው መሐረብ ይዞ በሩን እየጠበቀለት ነበር።

በር መጠበቅ! ያቺ የአጠና ተራ እናት ያደረጉትም ይህንኑ ነው። የሰልፉን ሰዓት ለአንዲት ልጅ እንባ አዋሷት። እኔም በማግሥቱ ቡና ጠርቻት ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔም ብሆን እንደዚያ እልህ ነበር» አለችኝ። ይህ መልሷ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያም ስለ እናቷ አወራችልኝ፤ እኔም ሰዓቴን ሳላይ አዳመጥኋት። ማታ ግን እንደ ልማዴ ብዕሬን አነሣሁ፤ ከሁለት ስንኝ አላለፈም፦

ሒሳቡ ተዘጋ፣ ሣንቲም አልጎደለም፤
የእንባዋ ደረሰኝ፣ ከመዝገብ ላይ የለም።