አጎአ የቀጣው ማንን ነው?

እዚህ ካምቤል አንድ ሱቅ ውስጥ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ሸሚዝ አግኝቼ በኩራት ገዝቼ ነበር። ዛሬ ከቁም ሣጥኔ ሳወጣው የማስበው የሰፋችውን ልጅ ነው።

አሜሪካ አጎአን ያወጀችው በ1992 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደች። በምላሹ መንግሥታቱ ወደ ሕግ የበላይነትና ወደ ፖለቲካ ብዝኃነት መራመድ፣ ሰብዓዊ መብትንም በከፋ ሁኔታ አለመጣስ ነበረባቸው። በወረቀት ላይ ያማረ ነው።

ታዲያ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ 193 ሰዎች ሲገደሉ አጎአ አልተነካም። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር ጠቅልለው ሲይዙም አልተነካም። በዓመቱ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ግን ፕሬዚዳንት ባይደን ጥቅምት 23 ቀን 2014 ውሳኔያቸውን አሳወቁ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎአ ወጣች። ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን ተፈረመ። የልጆቹ ሥራ ግን አብሮ አልተመለሰም።

ድምፅ ሲሰረቅ ዝም ብሎ ቤት ሲቃጠል የሚቆጣ ውል ዴሞክራሲን አይጠብቅም። የእኛም ገዥዎች የድሃን እንጀራ በባዕድ ፊርማ ላይ አንጠልጥለው ወደ ጦርነት ገብተዋል። እኛ ዳያስፖራዎችስ? ግማሻችን «ይሰረዝ»፣ ግማሻችን «አይሰረዝ» ብለን ተሟገትን። ልጅቷን የጠየቃት ማን ነበር?