የሕሙማን መዝገብ በፍርድ አደባባይ፦ በሕክምና ስሕተት ክርክር የነርሶች ድርሻ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕክምና ባለሙያ በሥራው ምክንያት ለሚያደርሰው ጉዳት በሁለት መንገድ ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አንደኛው ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት ነው። በአንቀጽ 2031 መሠረት ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ መሥራት ይገባዋል፤ በሳይንስ ከተረጋገጠው እውነት ወይም በሙያው ዘንድ ተቀባይነት ካገኘው አሠራር አንጻር ግዴታውን አለማወቁን በግልጽ የሚያሳይ ጥፋት ከፈጸመ ተጠያቂ ይሆናል። ሁለተኛው ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ የተደነገገው የሕክምናና የሆስፒታል ውል ሲሆን፣ በአንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች ጥፋት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑ ተመልክቷል።

ይህ ድንጋጌ በወጣበት ዘመን በሀገራችን የሕክምና ፋኩልቲ ገና አልተቋቋመም ነበር። ሕጉ አንድ ትልቅ ጥያቄም ለዳኞች ትቶ አልፏል። ይኸውም ዳኛውም ሆነ ጠበቃው ሕክምና አልተማሩምና፣ “የሙያው ደንብ” ምን እንደሆነ፣ መቼና በማን እንደተጣሰ ከሕሙማን ካርድ ላይ አንብቦ የሚያስረዳቸው ማን ነው የሚለው ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የተመለሰበት መንገድ ከነርሶች ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር አንድ የ18 ዓመት ወጣት የአሜሪካ እግር ኳስ (አሜሪካን ፉትቦል) ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ በቻርልስተን ከተማ ሆስፒታል ጄሶ ይደረግለታል። ብዙም ሳይቆይ ጣቶቹ ማበጥና መጥቆር፣ በኋላም መቀዝቀዝና መደንዘዝ ጀመሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ቢዛወርም እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 በሰጠው ውሳኔ፣ ሆስፒታሉ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችል አጸና። ለዚህም ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ነርሶቹ የእግሩን የደም ዝውውር በበቂ ድግግሞሽ አልተከታተሉም ብሎ ለመደምደም የሚያስችል ማስረጃ መኖሩ ነው። ከዚያ ወዲህ በየፈረቃው የሚጻፈው የነርስ ማስታወሻ በክርክሩ መካከል የሚቆም ማስረጃ ሆነ።

ጠበቆችም ይህን ማስታወሻ በትክክል የሚያነብላቸው ባለሙያ መፈለጋቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሕግ ጉዳዮች ነርስ አማካሪዎች የአሜሪካ ማኅበር ተመሠረተ። የእነዚህ አማካሪዎች ሥራ የሕግ ምክር መስጠት አይደለም። የተበታተነውን የሕክምና መዝገብ አሰባስበው በቀንና በሰዓት ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ የሐኪሙን ትእዛዝ ከመድኃኒት መስጫው ቅጽ ጋር ያመሳክራሉ፤ የጎደለ ገጽ ወይም በኋላ የተጨመረ ጽሑፍ ካለ ያመለክታሉ፤ የተደረገውን ሁሉ ተቀባይነት ካለው የሙያ ደረጃ ጋር ያነጻጽራሉ። ከዚያም ለጠበቃው ጉዳዩ መሠረት ያለው መሆኑን ወይም አለመሆኑን ይገልጹለታል። ለከሳሽም ለተከሳሽም ወገን ስለሚሠሩ፣ መሠረት የሌለው ክስ ገና ሳይጀመር እንዲቀር የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። የዚያው የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ነርሲንግ የሙያ ደረጃ መመስከር የሚችለው ነርስ እንጂ ሐኪም አይደለም በማለት መወሰኑ፣ ነርሲንግ በራሱ መለኪያ የሚመዘን ሙያ መሆኑን አጽንቷል።

የሀገራችን ጉዞ

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ አልዳበረም። ለረጅም ዘመን የሕግ ሕክምና ምርመራ ሸክም በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ላይ ወድቆ ቆይቷል። በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 76 ተቋቋመ። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የቀረቡለትን አቤቱታዎች መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብበት ሥርዓት ተደነገገ። ፖሊስና ፍርድ ቤቶችም የሙያ አስተያየት የሚጠይቁት በአመዛኙ ከዚህ ዓይነቱ አካል ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከካሳ ያልፋል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ካደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የሁለት ወገኖች ሥጋት እዚህ ላይ ይገናኛል። የሟች ቤተሰብ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉ ብሎ ይሰጋል፤ ባለሙያው ደግሞ የሕክምናን አስቸጋሪነት በማያውቅ ሰው ፊት ጥፋተኛ እባላለሁ ብሎ ይፈራል።

መዝገቡ የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉን ዘርፍ ካበረታታ ወዲህ የአዲስ አበባ የጤና አገልግሎት መልኩ ተለውጧል። ከተማዋ በምሥራቅ በኩል ስትሰፋ የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎችም አብረው ተስፋፍተዋል። በሳሊተ ምሕረት አካባቢ የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር ለምሳሌ ትወሰድ። የእርግዝና ክትትሏን በጤና ጣቢያ ትጀምራለች፤ አልትራሳውንድ በግል ክሊኒክ ትነሣለች፤ ምጧ ሲጠና በሪፈር ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። አንድ የነበረው ታሪኳ በሦስት ቦታ፣ በሦስት ካርድ ላይ ተከፋፍሎ ይቀራል ማለት ነው።

ጽንሱ ቢሞት መልስ የሚፈለገው ከፓርቶግራፉ ነው። የጽንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማኅፀን በር መከፈት በየአራት ሰዓቱ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ምጡ የተጓተተው መቼ እንደሆነ፣ አዋላጇ ሐኪም የጠራችው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሐኪሙስ መቼ እንደደረሰ ማወቅ ይቻላል። ቅጹ ባዶ ከሆነ ወይም ከወሊድ በኋላ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ከተገኘ ግን፣ በትጋት ስትከታተል ያደረችው አዋላጅ ንጽሕናዋን የምታስረዳበት፣ እናቲቱም እውነቱን የምታውቅበት መንገድ ይጠፋል። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ ሕጉ በመርሕ ደረጃ የወሰነው ይርጋ ሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ካርድ ሲፈለግ የሚያልፈው ጊዜም ራሱ መብት የሚያሳጣ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ነርሶችን ከሳሽ ማድረግ አይደለም። መዝገቡን ሌሊት የጻፈች ነርስ፣ በተመሳሳይ ክፍል የሠራች ሌላ ነርስ በምታነበው ጊዜ፣ ሐኪምም ጠበቃም የማያስተውሉት ነገር ይገለጣል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ነርሶችና አዋላጆች ስለ ሕግና ስለ ማስረጃ አጭር ሥልጠና ወስደው በሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ሆነ በፍርድ ቤት የሙያ አስተያየት ሰጪ ሆነው ቢሠማሩ፣ ጥፋተኛው ተለይቶ እንዲጠየቅ፣ ንጹሑም በወቅቱ ነጻ እንዲወጣ ይረዳል። እስከዚያው ድረስ በእያንዳንዱ የጤና ባለሙያ እጅ ያለው የማይናቅ ዋስትና አንድ ነው፤ ያየውንና ያደረገውን፣ ባደረገበት ሰዓት፣ ስሙንና ፊርማውን አኑሮ መመዝገብ።