ዕድሜና ድንገተኛ ከባድ የሳንባ ጉዳት

አንድ አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ‹‹ዕድሜያቸው ነው›› ብሎ ማለፍ በአገራችን የተለመደ ነው። ለዛሬ ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ አሶሳንና የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል በማሰብ ላብራራ ወድጃለሁ። ክልሉ ወባ በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ከባድ ወባ ደግሞ ሳንባን በድንገት ከሚጎዱ በሽታዎች መካከል ይመደባል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

በሳንባችን ውስጥ አየርና ደም የሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በሳንባ ምች፣ በደም መመረዝ፣ በከባድ ወባ ወይም በአደጋ ሳቢያ የእነዚህ ከረጢቶች ግድግዳ ሲጎዳ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ኦክስጅንም ወደ ደም ማለፍ ያቅተዋል። ችግሩ በ12 ሕሙማን ላይ ተጠንቶ በሕክምና መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የበርሊን መስፈርት ጉዳቱን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ የከፈለው ሲሆን፣ ለዚሁ መስፈርት በተጠኑት ሕሙማን መካከል ከባድ ደረጃ ላይ ከነበሩት 45 በመቶ ያህሉ ሞተዋል።

ዕድሜ ምን ይለውጣል?

ዕድሜ ሲገፋ የደረት ግድግዳ ይደርቃል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዳከማሉ፣ ሳንባም የመለጠጥና የመሰብሰብ አቅሙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ይህ ጉዳት ከደረሰባቸው የ15–19 ዓመት ወጣቶች 24 በመቶ ሲሞቱ፣ 85 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት የሞቱት 60 በመቶ ነበሩ። በከባድ ወባም ልዩነቱ ይታያል። በእስያ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ10 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት የሞቱት 6.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑት ግን 36.7 በመቶ ናቸው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሌላም ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕሙማን መካከል ግማሽ ያህሉ ከ28 ቀናት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከዳኑት አዛውንቶች ሳንባቸው ያገገመው ከወጣቶቹ ባልተናነሰ ፍጥነት ነው፤ የዘገየው ከመተንፈሻ መሣሪያ መላቀቃቸውና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል መውጣታቸው ነበር። በእኔ እምነት ከዚህ የምንማረው፣ ዕድሜ አደጋውን የሚጨምር እንጂ ሕክምና የሚያስነፍግ ፍርድ አለመሆኑን ነው።

በአሶሳ ምን ልብ እንበል?

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የበርሊን መስፈርት ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የኦክስጅን ልኬት ሲተረጎም ከፍታው እንዲታሰብ ያዛል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችል ስለታወቀ፣ ሐኪም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የታማሚውን አተነፋፈስም መመልከት ይኖርበታል።

በአዛውንቶች ላይ በሽታው ያለ ትኩሳት፣ በመዘባረቅ ወይም ምግብ በመተው ብቻ ሊጀምር ይችላል። በወባ የሚመጣው የሳንባ ጉዳት ደግሞ ሕክምና ከተጀመረ ከቀናት በኋላም ሊከሰት ስለሚችል፣ ‹‹መድኃኒቱን ጀምረዋል›› ብሎ መዘናጋት አይገባም። ግሉኮስ ያለ ልክ መስጠትም ሳንባን በውኃ ሊሞላ ይችላል።

አዲስ አበባ ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመሆኑም ቤተሰብ አዛውንቱ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ሲተነፍሱ ወይም ከንፈራቸው ሲጠቁር ካየ፣ ሳይውል ሳያድር በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሊያደርሳቸው ይገባል። ኦክስጅን በሰዓቱ ማግኘት ከሁሉ ይቀድማል፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ካስፈለገም የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።