ካርዱ ለማን ነው?

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለዳ ድሬ ጠያራ ከአንድ ምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ተሰልፌ ነበር። በአብዛኛው አገር ምርጫው የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ለሐረሪና ለሶማሌ ክልሎች ተራው የደረሰው ግን በዚያን ዕለት ነው። «ለምን መጣህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሰልፉ እስኪደርሰኝ ድረስ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ።

አገሬን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ነው፤ «ጠያራ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ የአውሮፕላን ስም። ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ያደግሁት እዚያው በጫትና በማሽላ መካከል ነው። ጠያራ ሲያርፍ አላየሁም፤ የምርጫ ኮሮጆ ሲመጣና ሲሄድ ግን አይቻለሁ። ከእኔ በፊትም ብዙ መጥቷል።

የአገራችን ሰው በቀጥታ እንደራሴ መምረጥ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይሁን እንጂ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመመረጥም በምርጫ ክልሉ ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። አያቴ ጭሰኛ ነበር። ለእርሱ ቢጤ ምርጫ ማለት ከባለርስቶች መካከል ባለርስት መለየት ነው።

ተራው ለአባቴ ሲደርስ ዘመኑ የደርግ ሆነ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና ከመቶ 81 ያህሉ ደገፈ ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 835 መቀመጫ ላለው ሸንጎ ምርጫ ተካሄደ። አባቴ እንደሚለው ስማቸው በገበሬ ማኅበሩ እየተጠራ ነበር የወጡት። ያን ጊዜ ሰው የሚታወሰው በመረጠው ሳይሆን በመቅረቱ ነው። ካርዱም ለመራጩ ሳይሆን «መጥቻለሁ» ብሎ ለሹም ለማሳየት ነበር።

በሰኔ 1984 ዓ.ም. የክልል ምርጫ ዋዜማ ኦነግ ራሱን አገለለ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሽግግር መንግሥቱ ወጣ። አለመምረጥም እንደ አቋም የሚቆጠር ነገር መሆኑን የቤታችን ሰዎች የተረዱት ያኔ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ግን አባቴ ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልጠራውም። ማንን እንደ መረጠ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ሲመለስ የነበረውን ፊት ግን አስታውሳለሁ። ያንን የመሰለ ተስፋ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠራቸው ሟች ሲቪሎች 193 ናቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫ ሲጠየቅ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይል ጀመር።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። አንድ ሹም ከደጃችን ቆሞ «የልጁ ካርድስ?» ሲል ስለ ሰማሁ ሄድሁ። ከ547 መቀመጫ 545ቱን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። በ2007 ዓ.ም. ካርዱን ወስጄ ከማሳው ዋልሁ። ካርዱ ለሹሙ ነው፤ ድምፁ ግን የእኔ ነውና አልሰጠሁትም። ያለ እኔ 547ቱም ሞላ።

በሐረር የመምረጥ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 22ቱን የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል፤ 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የተተዉ ናቸው፤ የሚመርጣቸውም ከክልሉ ውጭ ያለውን ጨምሮ ሐረሪ ብቻ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ነው። የምርጫ ቦርድ በ2013 ዓ.ም. ከክልሉ ውጭ ያሉት እንዲመርጡ አልፈቅድም ቢል ጉዳዩ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርዱም ለክልሉ ሆነ።

ጀጎል የሚኖር ሐረሪ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ። «አንተ ሁለት አፍ፣ እኔ አንድ አፍ፤ ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ልሰለፍ?» ብዬ ሞግቼዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ 56 ያህሉ ነዋሪ ኦሮሞ ነው፤ ሐረሪው 9 እንኳ አይሞላም። ጓደኛዬም ያንኑ ቁጥር አንሥቶ መለሰልኝ። «እስከ ጨለንቆ፣ እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ ይህች ከተማ የራሷ አሚር ነበራት። ዛሬ በጭንቅላት ብቻ ብንቆጠር በገዛ ቅጥራችን ውስጥ ድምፃችን የት ይሰማል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። እርሱም ለእኔ ጥያቄ መልስ አላገኘም። ሁለታችንም እውነት ይዘናል፤ የምርጫ ወረቀት ደግሞ ሁለት እውነት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ታዲያ በ2014 ዓ.ም. ለምን ሄድሁ? ምርጫው ሰፍቶ አይደለም፤ ኦፌኮና ኦነግ አልተወዳደሩም፤ ከጓደኛዬም ጋር እኩል አልሆንሁም። የሄድሁት በዚያ ሰሞን ካርድ የጠየቀኝ ሹም ባለመኖሩ ነው። ወደ ኮሮጆ የሚወስደኝ ምክንያት የራሴ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። አልሄድም ብል እንኳ የምቀረው በእልህ ሳይሆን በፈቃዴ ነበር።

አባቴ በዚያ ቀን ከቤት አልወጣም። «ዕድሜዬን ሙሉ ሄጄ የለም? አንድ ቀን እንኳ ሳልፈራ ልቅር» አለኝ። አሳምነው ዘንድ አልሞከርሁም። ቀለም የነካ ጣቴን ይዤ ስመለስ ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጣቴን አየት አደረገና ፈገግ አለ፤ ማንን እንደ መረጥሁ አልጠየቀኝም።